ሐዳር በእኛ ትይዩ ናት፦ ተማሪዎችን ወደ ሙዚየም መውሰድ ምን ይጠቅማል?

የኮምቦልቻው መምህር (መጋቢት 20፣ ማታ 2፡40)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በኮምቦልቻ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በመጪው ግንቦት 42 የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘን ለሁለት ቀን አዲስ አበባ ልንሄድ አስበናል። አምስት ኪሎ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም፣ አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ እንዲሁም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተውንና ጉልላት ያለው የማሳያ አዳራሽ የያዘውን የሳይንስ ሙዚየም ለማየት ነው ዕቅዳችን። ወላጆች ለአውቶቡሱ ገንዘብ ማዋጣት ጀምረዋል።

ወደዚህ መድረክ ያመጣኝ ግን ከሦስት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው። ያን ጊዜም ተማሪዎች ይዤ ወደ አንድ ሙዚየም ሄጄ ነበር፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። መንገድ ላይ ጎማ ስለፈነዳብን የደረስነው ለመዝጊያ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነበር፤ አስጎብኚውም በችኮላ ከመስታወት ወደ መስታወት እያሻገረ አስጨረሰን። ከፊት የቆመች አንዲት ተማሪ «ይህ እውነተኛው አጥንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ «አይደለም፣ ቅጂ ነው» የሚል አጭር መልስ ተሰጣት። ፊቷ ላይ የነበረው ጉጉት ሲከስም በዓይኔ አየሁት። ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የተወራው ስለ ቅሪተ አካል አልነበረም፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ስላዩት ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነበር። በልጆቹ አልፈርድም፣ ደረጃው በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ቅጂ አይተው የሚመለሱ ልጆች ምን ይዘው እንዲመለሱ ማድረግ ይቻላል? ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

የቀድሞ አስጎብኚ (መጋቢት 20፣ ማታ 4፡05)

መምህር፣ በሙዚየም ሥራ ረጅም ዓመት ስለቆየሁ የዚያች ልጅ ጥያቄ በየሳምንቱ የምሰማው ጥያቄ ነበር። ስህተቱ ከልጅቱ ሳይሆን ከመልሱ ነው። «ቅጂ ነው» ብሎ ዝም ማለት «ውሸት ነው» የማለት ያህል ይሰማል።

መባል የነበረበት እንዲህ ነው። የድንቅነሽ (የሉሲ) እውነተኛ አጥንት በብሔራዊ ሙዚየሙ በካዝና ተጠብቆ ይገኛል፤ ተመራማሪዎች የሚለኩትም እሱን ነው። ከአገር የወጣባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 አሜሪካ ቆይቶ ተመልሷል፣ በ2025 ደግሞ ከዲኪካዋ ሕፃን ከሰላም ጋር ለጥቂት ሳምንታት በፕራግ ታይቷል። በመስታወት ውስጥ ያለው ቅጂ ከእውነተኛው አጥንት ላይ በተወሰደ ቅርጽ የተሠራ ስለሆነ ስንጥቁና ጉድለቱ ሳይቀር ተገልብጦበታል። እንዲያውም ልጆቹ ሊያዩት የሚገባው ጉድለቱን ነው። የተገኙት 47 ያህል አጥንቶች፣ ማለትም ከሙሉ አፅሙ 40 በመቶ ገደማ ናቸው። ቆማ በምትታየው ድንቅነሽ ላይ የቀረውን የሞሉት ባለሙያዎች ናቸው። «የትኛው ተገኘ፣ የትኛው ተሞላ? የተሞላውስ በምን ማስረጃ?» ብላችሁ ጠይቁ። የግራው ክፍል ከተገኘ የቀኙን በመስታወት እንደሚታይ ምስል ገልብጦ መሥራት እንደሚቻል የ9ኛ ክፍል ተማሪ ራሱ ይደርስበታል።

ሁለት ነገር ብቻ በቅርበት አሳዩአቸው። አንደኛው ጥርሷ ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ከአምስት ዓመት ሕፃን ጋር የሚስተካከል ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርሷ ወጥታለች፣ ጥቂትም ተፍቃለች። ስለዚህ ትንሽ ብትሆንም ልጅ አልነበረችም። ሁለተኛው የጭን አጥንቷ ነው። ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በሁለት እግሩ የሚራመድ ፍጡር ጉልበቱ ከሰውነቱ ክብደት በታች እንዲውል ይህ ያስፈልገዋል። የቺምፓንዚ ጭን እንዲህ አያዘነብልም። ተማሪዎቹ እዚያው ቆመው የራሳቸውን ጉልበት ይመልከቱ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በተረሸኑ ማግስት ማለት ነው። አገር ምድሩ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሳለ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ከአዋሽ ዳር ከነበረው ሰፈራቸው ወጥተው በአፋር ባለው በሐዳር ገደል ሥር የክንድ አጥንት ቁራጭ አዩ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ዓመተ ምሕረቱን ማንም አይረሳውም ነበር።

የጂኦሎጂ ተማሪ፣ ደሴ (መጋቢት 21፣ ጠዋት 1፡15)

የአስጎብኚውን ጽሑፍ በአድናቆት አንብቤያለሁ፤ ከእኛ አካባቢ ሆኖ ለሚጓዝ ተማሪ ግን ከሁሉ በፊት ሊነገረው የሚገባ አንድ ነገር ቀርቷል። ካርታ ዘርጉና ኮምቦልቻን ፈልጉ። 11 ዲግሪ ከጥቂት ሰሜን ኬክሮስ ላይ ታገኟታላችሁ። በዚያው መስመር ጣታችሁን ወደ ምሥራቅ ብታንቀሳቅሱ፣ በቀጥታ መስመር 100 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሐዳር ላይ ያርፋል። ድንቅነሽ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ሳትል በትክክል በእኛ ትይዩ ነው የተገኘችው። ልጆቻችን እሷን ለማየት ወደ ደቡብ ይህን ሁሉ መንገድ ሲሄዱ ከመንደሯ እየራቁ መሆኑን ቢያውቁ ጉዞው ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የወረደ ሰው መልክዓ ምድሩን ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ሐዳር 500 ሜትር ገደማ ነው። መኪናው በቆረጠው ኩርባ ሁሉ አየሩ ሲሞቅ፣ ግራሩ ሲሳሳ፣ የግመሉ ቁጥር ሲጨምር የምናየው የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ነው። ከደሴ በላይ ያለው ጦሳ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተደራርቦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በአንዳንድ የሰሜን ኢትዮጵያ ቦታዎች የዚህ ድርብርብ ውፍረት 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የቤታችን መሠረት የቆመበት ጥቁር ድንጋይ ከዚያ የተፈለጠ ነው። ከዚያ በኋላ ምድሪቱ ተሰነጠቀች፣ የአፋር ወገን ሰመጠ፣ እኛ ከላይ ቀረን። መሰንጠቁ ዛሬም አልቆመም፤ በ1998 ዓ.ም. መስከረም በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከፍቶ በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ 8 ሜትር ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ ሙዚየሙ ልመለስ። ከድንቅነሽ መስታወት አጠገብ «3.2 ሚሊዮን ዓመት» የሚል ጽሑፍ አለ። ተማሪ ሁሉ ያነበዋል፣ እንዴት ተለካ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የተለካው አጥንቱ አይደለም፤ ከአጥንቱ በላይና በታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ማዕድናት ፖታሲየም አለ፤ ከእሱም ጥቂቱ፣ ፖታሲየም 40 የሚባለው፣ ቀስ በቀስ በአብዛኛው ወደ ካልሲየም፣ በከፊል ደግሞ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሹ ተለውጦ እስኪያልቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይወስዳል። ማዕድኑ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝና ሲጠጥር ግን እንደ ታሸገ ጋን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው ጋዝ ሁሉ ውስጡ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን ጋዝና የቀረውን ፖታሲየም የለካ ሰው ጋኑ መቼ እንደታሸገ ያሰላል። ከድንቅነሽ አጠገብ ካሉት የአመድ ንጣፎች አንዱ በዚህ ዘዴ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። መምህር፣ ይህ የእርስዎ የፊዚክስ ክፍል ጉዳይ እንጂ የታሪክ ክፍል አይደለም።

እናት ከሸዋ በር (መጋቢት 21፣ ማታ 1፡30)

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ልጄ ግን በዚህ ጉዞ ከተመዘገቡት አንዷ ስለሆነች ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የተጠየቅነው ገንዘብ ለቤታችን ቀላል አይደለም። ደሴም እኮ ሙዚየም አለ፤ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ያለውን ማለቴ ነው። እዚያ መውሰድ አይበቃም? ሁለተኛ፣ ቤታችን ጸሎት ያለበት ቤት ነው። ልጄ «ሚሊዮን ዓመት» እያለች ስትመጣ አያቷ ይከፋሉ። ልጆችን ከቤተሰብ ጋር የሚያጋጭ ትምህርት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የኮምቦልቻው መምህር (መጋቢት 21፣ ማታ 3፡10)

እትዬ፣ ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። የደሴ ሙዚየም የታሪክና የባህል ቅርስ ማሳያ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደረሰበትን ዘረፋና ጉዳትም ሁላችንም እናውቃለን። ተማሪዎቻችን የከተማቸውን ቅርስ ማወቅ አለባቸው፣ በሌላ ቀን እንወስዳቸዋለን። ቅሪተ አካልና የሰማይ ማሳያ ግን እዚያ አያገኙም።

ስለ ሁለተኛው፣ እኔም የማምን ሰው ነኝ። ተማሪዎቼን «ይህን እመኑ፣ ያንን ተዉ» አላልኩም፣ አልልምም። የምነግራቸው ሰዎች ምን እንዳገኙና በምን ዘዴ እንደለኩት ነው። ልጅዎ አያቷን ልትሞግት ሳይሆን፣ አመድ እንዴት እንደሚለካ ልታስረዳቸው ትችላለች። አያትም ምናልባት ስለ ሐዳር አገር ከእኛ የተሻለ ያውቁ ይሆናል፤ የባቲን ሰኞ ገበያ የሚያውቅ የድሮ ሰው ከአፋር ጋር ሲገበያይ የኖረ ነው።

ከጦሳ ሥር (መጋቢት 22፣ ማታ 2፡00)

ስለ ምድሩ ብዙ ተባለ፣ ስለ ሰማዩ ግን ገና አልተነካም። እኔ በትርፍ ሰዓቴ ሰማይ የምመለከት የደሴ ሰው ነኝ፤ ከትንሽ ቴሌስኮፕና ከብዙ ብርድ ልብስ በቀር መሣሪያ የለኝም።

የጉልላት ማሳያን አልነቅፍም። በጉልላት ሥር ዓመቱን በአንድ ደቂቃ ማሳለፍ፣ ደመናን ማስወገድ፣ ሰማዩን ከሌላ አገር ሆኖ እንደሚታይ ማሳየት ይቻላል። ነገር ግን የራሱን ሰማይ ቀና ብሎ ያላየ ልጅ ጉልላቱን እንደ ሲኒማ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከጉዞው በፊት አንድ ምሽት ከከተማው መብራት ራቅ አድርጋችሁ አውጧቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው ቡጢ ሲጨብጡ ቡጢው በሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚገኝበት ከፍታ ከቆምንበት ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ለእኛ ከአንድ ቡጢ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ተማሪው በገዛ ቡጢው 11 ዲግሪን ለካ ማለት ነው። በግንቦት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታቸውን ወደ ደቡብ ቢያዞሩ ደግሞ የደቡብ መስቀል የሚባለውን የኮከብ ስብስብ ያያሉ። ሁለቱንም ማየት የሚችል አገር ብዙ አይደለም፤ በአውሮፓ የሚኖር ሰው ከቤቱ ሆኖ መስቀሉን አያየውም።

የሰኔ 14 ቀን 2012ቱን የፀሐይ ግርዶሽ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እሑድ ጠዋት፣ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ነበር። ፀሐይ ከጨረቃ 400 ጊዜ ያህል ትሰፋለች፣ 400 ጊዜ ያህልም ትርቃለች፤ በዚህ ምክንያት ለእኛ ሲታዩ እኩል ይመስላሉ። በዚያ ቀን ጨረቃ ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ ለሙሉ መሸፈን አቅቷት ላሊበላ ላይ የብርሃን ቀለበት ቀረ። ደሴ ቀለበቱ አልተሟላም፤ ፀሐይ እንደ ቀጭን ማጭድ ነበረች። እኔ ግን ወደ ላይ አላየሁም። ግቢያችን ካለው ዛፍ ሥር መሬቱ ላይ በቅጠሎቹ ቀዳዳ ያለፈው ብርሃን በሙሉ ማጭድ ማጭድ ሆኖ ተበትኖ ነበር። እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ቀረች፤ ያን መሬት ለመጥረግ አልደፈረችም።

የማልረሳው ግን ሌላ ነው። በታኅሣሥ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ እንደ ጭጋግ የምትታይ ትንሽ ደብዛዛ ነጥብ አለች። አንድሮሜዳ የሚባለው ጋላክሲ ነው። ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በሙዚየም ያለውን የጎና የድንጋይ መሣሪያ አስቡ፤ ዕድሜው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በአፋር ምድር ያ ድንጋይ ተጠርቦ ብዙም ሳይቆይ የተነሣው ብርሃን ነው ታኅሣሥ ላይ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው። ድንቅነሽ ደግሞ ከዚያ ብርሃን ትቀድማለች። እኔ የተፈጥሮ ታሪክና የስፔስ ሳይንስ በሁለት ሕንፃ መለያየታቸው የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

የደላንታ ልጅ (መጋቢት 23፣ ቀን 9፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። የኦፓል ድንጋይ እየሞረድኩ የምተዳደር የወገል ጤና ልጅ ነኝ፣ አሁን ደሴ ነው የምኖረው። መምህር ልጆቹን ባዶ እጃቸውን አይውሰዷቸው።

የእኛ ኦፓል የሚወጣው ከገደሉ ፊት ነው። ከላይ ጠንካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጫነዋል፤ ኦፓሉ ያለበት ንጣፍ ስስ ነው፣ ቆፋሪዎቹ እሱን ተከትለው ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ያ ንጣፍ በአንድ ወቅት ዕፅዋት የበቀሉበት አፈር እንደነበረ ተመራማሪዎች ነግረውናል፤ በድንጋዩ ውስጥ የሥር ቅርጽ ሲገኝ እኛም በዓይናችን አይተናል። ቀለሙ ቀለም አይደለም። እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ስለተደረደሩ ብርሃኑን ይከፋፍሉታል፣ ከዚያ ቀዩም አረንጓዴውም ይወጣል።

ክፍል ውስጥ የሚሠራ አንድ ነገር ልንገርዎት። ደረቅ የወሎ ኦፓል ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩ። ድንጋዩ ውሃ ይጠጣል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደ ብርጭቆ ይጠራል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ገዢ ሆኖ ያየው ሰው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አውጥተው በጥላ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ካደረቁት ግን ይሰነጠቃል።

ቅሬታም አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተቋም ለማሳያ ብሎ ከእኔ ጥሩ ጥሬ ድንጋይ ወሰደ። በኋላ ሄጄ ሳየው በመስታወት ውስጥ «የከበረ ድንጋይ» ተብሎ ብቻ ተቀምጧል። ከየት እንደወጣ፣ ከየትኛው ንጣፍ እንደተቆፈረ አንድ ቃል የለም። ቦታው ያልተጻፈበት ድንጋይ ለሳይንስ ጠጠር ነው። እናንተ ስትሄዱ የመስታወቱን ጽሑፍ አንብቡ፤ «የተገኘበት ቦታ» የሚል ከሌለው ጠይቁ።

አራት ኪሎ ስትገቡ ደግሞ ቀይ ቀበሮን ፈልጉ። በዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከእነሱ ጥቂቶቹ የሚኖሩት በእኛው በደላንታ ከፍታ ነው። እኔ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ ከሩቅ አየው ነበር።

ግልጽ ተናጋሪ (መጋቢት 23፣ ማታ 4፡45)

ከላይ ያሉትን ሁሉ አነበብኩ፤ እውነቱን ለመናገር እናንተው ራሳችሁ ጉዞው እንደማያስፈልግ እያስረዳችሁ ነው። ሐዳር ከጎናችን ናት፣ ጦሳ ከራሳችን በላይ ነው፣ ኦፓሉ ከገደላችን ይወጣል፣ ሰማዩ በነፃ ነው። ታዲያ የድሃ ወላጅ ገንዘብ ለአውቶቡስ የሚወጣው ለምንድን ነው? ልጆቹን በባቲ መንገድ አውርዳችሁ ገደሉን አሳዩአቸው፣ አጥንትም ካገኙ ያምጡ፤ የራሳችሁን ሙዚየም በትምህርት ቤታችሁ ትከፍታላችሁ።

የቀድሞ አስጎብኚ (መጋቢት 24፣ ጠዋት 2፡30)

ወንድሜ፣ ግማሹን እቀበላለሁ፤ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ግን ማንም ልጅ እንዳይከተለው እለምናለሁ። ቅሪተ አካል በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማንሣትም መያዝም አይቻልም። ከሕጉ ይልቅ የደላንታው ልጅ የነገረን ይበልጣል። አንድ አጥንት ከተኛበት ከተነሣ በኋላ የትኛው አመድ ከበላዩ፣ የትኛው ከበታቹ እንደነበረ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ጋኑ ተሰበረ ማለት ነው። የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ የሰላምን ፊት ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ሲያገኝ ሥራው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው እንጂ አላለቀም፤ ድንጋዩን ከአጥንቱ በጥንቃቄ እየፋቁ ለመለየት ዓመታት ፈጅቷል። ልጆች አጥንት ካዩ ይቁሙ፣ አይንኩ፣ ቦታውን ያስታውሱ፣ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይንገሩ።

ሙዚየም የሚያስፈልገው ተራራው ማወዳደር ስለማይችል ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ የአራሚሷን 4.4 ሚሊዮን ዓመቷን አርዲን፣ ድንቅነሽን፣ ሰላምን፣ ከዚያ የእኛን ዝርያ ቅሪት ጎን ለጎን የሚያደርግ ገደል የለም። የመንጋጋው ቅርጽ ሲለወጥ፣ የራስ ቅሉ ሲሰፋ በዓይን የሚታየው እዚያ ብቻ ነው።

ከጦሳ ሥር (መጋቢት 24፣ ማታ 1፡10)

ስለ ሰማዩም እንዲሁ ነው። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የተተከሉትን ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች በእኔ ቱቦ መተካት አይቻልም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የተወነጨፈችው 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም በዓይን የማይታየውን የብርሃን ዓይነት ትለካ ነበር። ጤነኛ ቅጠል ለዓይናችን አረንጓዴ ቢሆንም ከቀይ ባሻገር ያለውን ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፤ የታመመው አይመልስም። የቦርከናን ማሳ ከላይ ማንበብ የሚቻለው በዚህ ነው። ያን ለማስረዳት አዳራሽና ባለሙያ ያስፈልጋል።

መምህር፣ አንድ ቀጠሮ ልስጥዎት፦ ሚያዝያ 11። በዚያ ቀን ፀሐይ በእኩለ ቀን በእኛ አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ነሐሴ 18 ገደማ ስለሆነ ክረምቱ አያሳየንም። ሰዓቱ 6 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው።

የኮምቦልቻው መምህር (ሚያዝያ 12፣ ማታ 1፡55)

ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ። ሚያዝያ 11 እሑድ ስለዋለ ሙከራውን ዛሬ ሰኞ አደረግነው።

ከግንባታ የተረፈ አንድ ሜትር ቀጭን ፌሮ በትምህርት ቤቱ ሜዳ አቆምን። ቀጥ ማለቱን የአንድ ተማሪ አባት ግንበኛ ስለሆኑ በቱንቢያቸው አረጋገጡልን። ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አደረግን። 6 ሰዓት ሲሆን ደመና መጣ፤ አርባ ሁለት ልጆች በአንድ ድምፅ ሲያማርሩ ጥበቃው ከበር ሮጠው መጡ። 6 ሰዓት ከ12 ላይ ተገለጠ። 6 ከ20 ሲሆን ጥላው ከፌሮው ሥር ተሰብስቦ የቀረው ወደ ደቡብ የዞረ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ደብዛዛ ጠርዝ ብቻ ነበር። ጠርዙ ለምን ደበዘዘ ለሚለው ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ክብ መሆኗን፣ ለምን ወደ ደቡብ ዞረ ለሚለው ደግሞ ፀሐይ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ሰሜን አልፋን መሄዷን ራሳቸው ደረሱበት። አንዱ ልጅ የራሱን ጥላ ፈልጎ ሲያጣ ጫማውን አንሥቶ ከሥሩ አየ።

ከዚያ አንዲት ተማሪ ካርታው ላይ የነገርኳቸውን አስታውሳ «መምህር፣ ሐዳር ላይስ ጥላው መቼ ነው የሚጠፋው?» አለችኝ። ወዲያው አልመለስኩላትም፤ ምድር በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ እንደምትዞር ብቻ ነግሬ የቤት ሥራ ሰጠኋት።

ለጉዞው ተማሪዎቹን ስድስት ስድስት አድርገን በሰባት ቡድን ከፍለናቸዋል። እያንዳንዱ ቡድን አንድ አጥንት፣ አንድ ድንጋይ ወይም አንድ እንስሳ ብቻ ይዞ ግማሽ ሰዓት ይቆምበታል፣ ይሥለዋል፣ የተገኘበትን ቦታም ይጽፋል። ሌላውን ቢያልፉት አይከፋኝም። ሌሊት ተነሥተን ከመዝጊያው ሰዓት በጣም ቀድመን እንደርሳለን፤ መለዋወጫ ጎማም ሁለት ይዘናል።

የጂኦሎጂ ተማሪ፣ ደሴ (ሚያዝያ 12፣ ማታ 2፡20)

ለልጅቷ እንዳይነግሯት፣ ለእኛ ግን ልጻፈው፦ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የኬንትሮስ ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ትንሽ ያንሳል፤ ስለዚህ ሐዳር ላይ ጥላው የሚጠፋው ከኮምቦልቻ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ቀድሞ ነው።

ከጦሳ ሥር (ሚያዝያ 12፣ ማታ 2፡45)

ደስ አሰኝቶኛል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ ግርዶሽ አለ፤ ሙሉው በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን ያልፋል፣ እኛ ዘንድ ከቀትር በኋላ በከፊል ይታያል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ደመናም ይኖራል፤ ቢሆንም መመልከቻ መነጽሩን ከወዲሁ እናፈላልግ። በራጅ ፊልም መመልከት ዓይን ያጠፋል፤ በ2012ቱ ስንቱ ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ።

እናት ከሸዋ በር (ሚያዝያ 12፣ ማታ 3፡30)

መምህር፣ ልጄ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጓሮ ገብታ የመጥረጊያዬን እንጨት መሬት ላይ አቁማ አያቷን ሰዓት አስይዛቸዋለች። ጊዜው አልፎ ስለነበር ጥላው ረጅም ነበር፤ እሳቸውም «ነገ በ6 ሰዓት እንሞክረዋለን» ብለዋት ተስማምተዋል። የፈቃድ ደብዳቤውን ፈርሜያለሁ። ታናሽ ወንድሟም መሄድ እፈልጋለሁ እያለ ነው፤ 6ኛ ክፍል ነው፣ ቦታ ይኖር ይሆን?

የኮምቦልቻው መምህር (ሚያዝያ 12፣ ማታ 3፡50)

አውቶቡሱ ሞልቷል እትዬ። ሰው ከቀረ እደውላለሁ፤ እስከዚያ እንጨቱን እሱ ይያዝ።